ባቡሩ ገብቷል፣ ወረቀቱ ገና መንገድ ላይ ነው

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ ፋብሪካ ግዥ ክፍል ለጥቂት ወራት ሠርቻለሁ። ከዚያ ቆይታዬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው የአንዲት ኩሽኔታ ጉዳይ ነው። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ ከተማው መሃል ካሉት የመለዋወጫ ሱቆች በአንዱ መደርደሪያ ላይ የተቀመጠች ተራ ኩሽኔታ ናት። ማሽኑ ቆመ፤ የጥገና ባለሙያው የዕቃ መጠየቂያ ሞልቶ ፈረመ። ቀጥሎ መፈረም የነበረበት የክፍል ኃላፊው ለስብሰባ አዲስ አበባ ሄዷል። ሲመለስ ፈረመ። ወረቀቱ ግምጃ ቤት ወረደና «የለም» የሚል እስኪጻፍበት ሁለት ቀን አደረ። ፋይናንስ በጀት መኖሩን ያረጋግጥ ተባለ። ግዥ ክፍል ሲደርስ ሦስት ፕሮፎርማ ይሰብሰብ ተባለ። ሁለቱ በአንድ ከሰዓት ተገኙ፤ የሦስተኛው ሱቅ ማኅተም ግን ባለቤቱ ኪስ ውስጥ ነበር፣ ባለቤቱም ሐረር። ቼኩ የሁለት ሰው ፊርማ ይፈልጋል፤ አንደኛው ፈርሞ ሁለተኛውን መጠበቅ ሌላ ሦስት ቀን ወሰደ።

ወረቀቱን ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዤ የምዞረው እኔው ስለነበርኩ የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት በኪስ ደብተሬ ላይ እመዘግብ ነበር። ኩሽኔታዋ ስትገባ ከተጠየቀች 19 ቀን ሞልቷት ነበር። ማንበቡን፣ መፈረሙን፣ ሱቅ ሄዶ መግዛቱን ሁሉ ጨምሬ ሰው በእርግጥ የሠራበትን ጊዜ ብቻ ስደምር ሦስት ሰዓት አልሞላም። የቀረው በሙሉ ወረቀቱ ጠረጴዛ ላይ ተኝቶ ያደረበት ነው። «አቦ፣ ከሱቁ እዚህ ድረስ በባጃጅ አሥር ደቂቃ እኮ ናት!» አለ የጥገና ባለሙያው ዕቃዋን ሲረከብ። ምን ልመልስለት?

ይህን ዳሰሳ የምጽፈው ያቺን ደብተር አጠገቤ አስቀምጬ ነው። ካይዘን ወይም ሊን እያልን የምንጠራው፣ ብክነትን እየለዩ የማስወገድ አሠራር ግዥን ሊያፋጥን ይችላል ወይ? ሲያፋጥንስ ለአካባቢውም፣ ለአቅራቢውም፣ ለነገውም የሚበጅ ግዥ ያደርገዋል ወይስ ጥድፊያን ብቻ ያመጣል? ድሬዳዋን የመረጥኩት ሠርቼባት ስለማውቃት ብቻ አይደለም። ባቡሩ፣ ደረቅ ወደቡ፣ ነፃ የንግድ ቀጠናውና ፋብሪካው በአንድ ከተማ የተገናኙባት ስለሆነች ነው። የግዥ መጓተት መንስኤው መንገድና ወደብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድሬዳዋ ላይ ጉዳዩ ባለቀ ነበር።

መነሻውን በአጭሩ እናንሳ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ገንዘብም ቦታም ያጠረው ቶዮታ እንደ አሜሪካ መኪና አምራቾች መጋዘን ሞልቶ በጅምላ ማምረት አልቻለም። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲሱ ከአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች አንድ ሐሳብ ወሰደ፤ ገዢው ከመደርደሪያው ባነሳው ልክ ይተካል፣ ካላነሳ አይተካም። ካንባን የሚባለው ካርድም የዚህ ሐሳብ ውጤት ነው፤ «ይህን ያህል ተወስዷል፣ ይህን ያህል አምጡ» ይላል። ኦኖ ብክነትን ሰባት አድርጎ ቆጠረ፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ያለ ጥቅም ማጓጓዝ፣ የማያስፈልግ ሂደት፣ ክምችት፣ የማያስፈልግ እንቅስቃሴና የጉድለት ሥራ። «ሊን» የሚለውን ስም ያወጣለት ጆን ክራፍቺክ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. 1988 ነው፤ ስቡ የተነሳለት እንደማለት ነው። ከሰባቱ ውስጥ የግዥ ሰው ሌሊት እንቅልፍ ሊነሳው የሚገባው ሁለተኛው፣ መጠበቅ ነው። የእኔ 19 ቀን ከሞላ ጎደል በሙሉ እሱ ነበር።

ወደ እኛ አገር የገባው በግዥ በር አልነበረም። ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በ2000 ዓ.ም. ዮኮሃማ ላይ በተካሄደው የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ አጋጣሚ፣ የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ ጃይካ በቱኒዚያ ፋብሪካዎች ላይ ስለሠራው የካይዘን ሥራ ሰምተው ለኢትዮጵያም ጠየቁ። በ2002 ዓ.ም. ፕሮጀክቱ ተጀመረ፤ አዲስ አበባና ዙሪያዋ ካሉ ፋብሪካዎች 30ዎቹ ለሙከራ ተመረጡ። በ2004 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ተቋቋመ፤ ዛሬ የካይዘን የልህቀት ማዕከል ይባላል። ከዚያ ወዲህ «አምስቱ ማ» የሚለውን ያልሰማ የፋብሪካ ሠራተኛ ማግኘት ያስቸግራል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። ወለሉ ላይ ቢጫ መሥመር ተሰመረ፣ መፍቻዎች በቅርጻቸው ልክ ሰሌዳ ላይ ተሰቀሉ፣ የልማት ቡድኖች በየሳምንቱ ተሰበሰቡ።

ውጤቱ እውነተኛ ነው፣ እኔም አይቼዋለሁ። መፍቻ ፍለጋ ግማሽ ሰዓት ይባክን የነበረበት ቦታ እጅ ሲዘረጋ የሚገኝ ሆኗል። ነገር ግን ካይዘኑ ከፋብሪካው ወለል ተነስቶ የቢሮውን ደረጃ ለመውጣት እግሩ ከበደው። ግዥ ክፍል ሲደርስ አብዛኛውን ጊዜ ፋይል በቀለም መለየት፣ መደርደሪያ ላይ ስም መለጠፍና ጠረጴዛ ማጽዳት ሆኖ ቀረ። ጠረጴዛው ጸድቷል፤ ጠረጴዛው ላይ የተኛው ወረቀት ግን እንደተኛ ነው።

ለዚህ ሁለት ምክንያት ይታየኛል። የመጀመሪያው ብክነቱ ለዓይን አለመታየቱ ነው። የተከመረ ጨርቅ ይታያል፣ የቆመ ማሽን ይታያል፤ ትሪ ውስጥ የተቀመጠ ወረቀት ግን ሥራ ላይ ያለ ይመስላል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው። የግዥ ሠራተኛ የሚጠየቀው በዘገየው ቀን ሳይሆን በጎደለው ፊርማ ነው። ማሽን 19 ቀን ቆሞ ፋብሪካው የከሰረውን ማንም በስሙ አይመዘግብበትም፤ ሦስተኛው ፕሮፎርማ ከጠፋ ግን ኦዲት ላይ ስሙ ይጻፋል። እንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ያለ አስተዋይ ሰው ሁሉ ፊርማ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ሠራተኛውን በስንፍና መውቀስ ትልቅ በደል ነው እላለሁ።

ከዚህ በፊት ያልተሞከረ ነገርም አይደለም። ቢፒአር እያልን የምንጠራው መሠረታዊ የአሠራር ሂደት ለውጥ በ1990ዎቹ መጨረሻ በየመሥሪያ ቤቱ ሲገባ ዓላማው ይኸው ነበር፤ ጉዳይን ከክፍል ክፍል ከማንከራተት አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንዲይዘው። በርካታ መሥሪያ ቤቶች ቀናትን ወደ ሰዓታት ማውረዳቸውን ጽፈው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ። ከዓመታት በኋላ ሰሌዳው እንዳለ ነበር፤ ከሥር ያለው አሠራር ግን ቀስ በቀስ ወደ ቀድሞው ተመልሷል። አምስተኛው «ማ»፣ ማዝለቅ፣ ከሁሉ የሚከብደው ለዚህ ነው።

በመንግሥት ግዥ በኩል አሁን ያለው ትልቁ እርምጃ የኤሌክትሮኒክ ግዥ ሥርዓት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጥቂት የፌዴራል ተቋማት ተጀምሮ እየሰፋ መጥቷል። ለአቅራቢው ያመጣው እፎይታ ቀላል አይደለም። ቀድሞ የድሬዳዋ ነጋዴ አዲስ አበባ ለወጣ ጨረታ ለመወዳደር አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ ማስታወቂያ ማሳደድ፣ ሰነድ ለመግዛት መሄድ፣ ኤንቨሎፑን አሽጎ ሳጥን ውስጥ ለመክተት ደግሞ መሄድ፣ ሲከፈት ለመገኘት ሦስተኛ መሄድ ነበረበት። አሁን ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈሩ ተቀምጦ ያስገባል። ሕጉም ታድሷል፤ በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 649 በአዋጅ ቁጥር 1333/2016 ተተክቷል።

ይሁን እንጂ አንድ ሥጋት አለኝ። ዘጠኝ ፊርማ የነበረው ሂደት ሳይመረመር ኮምፒውተር ላይ ቢጫን ዘጠኝ «አጽድቅ» የሚል ቁልፍ ይሆናል። ወረቀቱ ትሪ ላይ መተኛቱን ትቶ ስክሪን ላይ ይተኛል። የሊን ትምህርት ቅደም ተከተሉን ይገለብጠዋል፤ መጀመሪያ መንገዱን በእግር ሂድበት፣ የማያስፈልገውን አንሳ፣ ከዚያ በኋላ ኮምፒውተር አስገባ። ሥርዓቱ ግን በአንድ ነገር ካይዘንን በጣም ይረዳል። እያንዳንዱ እርምጃ ቀንና ሰዓት ተጽፎበት ይቀመጣል። እኔ በኪስ ደብተር የያዝኩትን እሱ ሳይጠየቅ ይይዘዋል። ያንን መዝገብ አውጥቶ «የትኛው ደረጃ ላይ ስንት ቀን ተኛ?» ብሎ የሚጠይቅ ኃላፊ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት አለበት። በድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ያሉ የግል ፋብሪካዎች በመንግሥት ግዥ አዋጅ አይተዳደሩም። እነሱን የሚያጓትታቸው ሌላ ነው፤ ባንክ፣ ጉምሩክ፣ ትራንስፖርት፣ የራሳቸውም የውስጥ አሠራር። የከተማ አስተዳደሩና ሌሎች የመንግሥት ተቋማት ግን የአዋጁ ወይም የየራሳቸው የግዥ መመሪያ ተገዢ ናቸው። ሁለቱን አደባልቆ «ግዥ ተጓተተ» ማለት መድኃኒቱን ያሳስታል።

ፓርኩን በአጭሩ ላስተዋውቅ። የመጀመሪያው ምዕራፍ 150 ሔክታር ላይ የተገነባው በቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ሲሆን የተመረቀው በ2013 ዓ.ም. ነው። ነሐሴ 8 ቀን 2014 ዓ.ም. ደግሞ የአገሪቱ የመጀመሪያ ነፃ የንግድ ቀጠና ሆኖ ሥራ ጀመረ። የልዩ ኢኮኖሚ ዞን አዋጅ ቁጥር 1322/2016 ሲወጣ የሕግ መሠረቱ ሰፋ። ሥራ የጀመረው በ2010 ዓ.ም. የሆነው የኤሌክትሪክ ባቡር በከተማዋ በኩል ያልፋል። ከጅቡቲ ወደብ ድሬዳዋ ያለው የባቡር ጉዞ አንድ ቀን አይሞላም። እንግዲህ ጥያቄው ይኸው ነው፤ ጉዞው አንድ ቀን ከሆነ ዕቃው የት ነው ወራት የሚፈጀው?

መልሱ ለዓመታት አንድ ቃል ነበር፤ ኤልሲ፣ ባንክ ለውጭ አቅራቢ የሚከፍተው የክፍያ ዋስትና። የውጭ ምንዛሪ ወረፋ። የግዥ ሰው ዕቃውን መርጦ፣ ከአቅራቢው ተስማምቶ፣ ፕሮፎርማ ኢንቮይስ ባንክ አስገብቶ ይቀመጣል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. 38 የዕቃ ዓይነቶች ኤልሲ እንዳይከፈትላቸው ሲታገድ መጠበቁ ወደ መቅረት ተለወጠ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ እገዳውም ተነስቶ ወረፋው ቀለል ብሏል፤ ብሩ ግን ዋጋው ወርዷልና መጠበቁ ወደ ወጪ ተቀይሯል። ይህን የማነሳው የትኛውም ካይዘን ሊፈታው የማይችል ብክነት መኖሩን ለመናገር ነው። የልማት ቡድን ተሰብስቦ ዶላር አያመጣም። ነገር ግን ዶላሩ በተፈቀደበት ቀን ዝርዝር መግለጫው ስላልተሟላ ወይም የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ላይ አንድ ቁጥር ስለተሳሳተ ኮንቴይነሩ ደረቅ ወደብ ላይ ሲቀመጥ፣ ያ የራሳችን ነው። ትራንዚተሮች ይህን አሳምረው ያውቁታል። ወደብ ላይ ለዘገየ ዕቃ ከሚከፈለው ዴመሬጅ ውስጥ ቢሮ ውስጥ በአንድ ስህተት የተጀመረው ስንት እንደሆነ የሚቆጥር ፋብሪካ አላየሁም።

ድሬዳዋ ከሊን ጋር የምትተዋወቀው በጃፓኖች አይደለም። ወደ ሐረር በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የጫት ገበያ፣ አወዳይን ያየ ይረዳኛል። ጫቱ ተቆርጦ፣ ተመዝኖ፣ በቅጠልና በጆንያ ተጠቅልሎ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ወደ ጅቡቲ፣ ወደ ሶማሌላንድ የሚሄደው በጊዜው እዚያ ካልደረሰ ረክሶ ይጣላል። መጋዘን የለም፣ ክምችት የለም። ዛሬ ስንት እሥር እንደሚፈለግ የሚወስነው ወዲያ ያለው ገዢ ነው፤ በስልክ ይነገራል፣ በዚያው ልክ ይቆረጣል። ሒሳቡ የሚሄደው ለዘመናት በተገነባ መተማመን ነው። ኦኖ ቢያየው ገዢው እየሳበው የሚሄድ ሥራ ይለው ነበር። ጎበዝ የግዥ ባለሙያ ከዚህ ብዙ ይማራል፤ ፍጥነት የሚመጣው ከመሮጥ በፊት ከመረጃና ከመተማመን መሆኑን። ግን የጫት መኪና ሌላም ነገር ያስተምራል። ሰዓቱን ለማሟላት የሚበረው አይሱዙ በየመንገዱ የቀጠፈው ሕይወት ቀላል አይደለም፣ «እንደ ጫት መኪና» የሚባለውም በከንቱ አይደለም። ፍጥነቱን ብቻ ገልብጠን ከወሰድን የሚከፈለውንም ዋጋ አብረን ወሰድን ማለት ነው።

አሁን ወደ ክምችት ልምጣ፤ ከሊን ጋር የማልስማማበት፣ ይልቁንም የሊንን ትርጉም የምንስትበት እዚህ ነውና። «ክምችት ብክነት ነው» የሚለውን እንደ ቃሉ የወሰዱ ፋብሪካዎች መለዋወጫ ሳያስቀምጡ ቀርተው ሲቸገሩ አይቻለሁ። ቶዮታ ራሱ በዚህ ተቀጥቷል። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1997 ጃፓን ውስጥ ካሪያ ከተማ ያለው የአይሲን ፋብሪካ ተቃጠለ። ለቶዮታ የፍሬን ቫልቭ የሚያቀርበው ከሞላ ጎደል እሱ ብቻ ነበር፤ ቶዮታ ጋ የነበረው ክምችት ደግሞ የሰዓታት እንጂ የቀናት አልነበረም። የመኪና መገጣጠሚያዎቹ ተራ በተራ ቆሙ። ያዳነው የአቅራቢዎቹ መተባበር ነበር፤ ቫልቭ ሠርተው የማያውቁ ድርጅቶች ሳይቀሩ ማሽናቸውን አስተካክለው ተረባረቡና በቀናት ውስጥ ሥራው ተመለሰ። እ.ኤ.አ. በ2011 ጃፓን ውስጥ ከደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ቶዮታ አቅራቢዎቹ የኤሌክትሮኒክ ቺፕ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚሆን እንዲያስቀምጡ ጠየቀ። የክምችት ጠላት የሚባለው ድርጅት ራሱ፣ ከሩቅ የሚመጣና ምትክ የሌለው ነገር ላይ ክምችት ያዘ።

ከጅቡቲ በቀር ሁነኛ በር የሌለን እኛ ከዚህ የበለጠ ልንጠነቀቅ ይገባል። በ2013 ዓ.ም. አንድ መርከብ ስዊዝ ቦይን ሲዘጋ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በቀይ ባሕር ላይ በደረሰው ጥቃት መርከቦች በመልካም ተስፋ ርዕሰ ምድር ሲዞሩ፣ ያለ ክምችት የተቀመጠ ፋብሪካ ምን እንደሚሆን ታይቷል። ስለዚህ ድሬዳዋ ላይ መጠየቅ ያለበት «ክምችት ይኑር ወይስ አይኑር» አይደለም፤ «የቱ፣ ስንት፣ በማን ገንዘብ» ነው። ከተማው ውስጥ ካለ ሱቅ የሚገኝ ኩሽኔታና ቺንጊያ ለማከማቸት ምክንያት የለም፤ ለእሱ የሚያስፈልገው ቋሚ ውልና አንድ ፊርማ ነው። ከቻይና ወይም ከአውሮፓ የሚመጣ፣ ሲጠፋ ማሽኑን የሚያቆም ነገር ግን መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት።

ነፃ የንግድ ቀጠናው የሚሰጠው ዕድልም እዚህ ላይ ነው። ነፃ ቀጠና ውስጥ የገባ ዕቃ ወደ አገር ውስጥ እስኪወጣ ቀረጡ አይከፈልበትም። ስለዚህ አንድ አቅራቢ የብዙ ፋብሪካዎችን የጋራ ፍላጎት፣ ክርም ይሁን፣ ኬሚካልም፣ የማሸጊያ ካርቶንም፣ ቀጠናው ውስጥ በራሱ ገንዘብ አስቀምጦ ፋብሪካዎቹ በሚያስፈልጋቸው ቀን በሚያስፈልጋቸው መጠን ቢያወጡ፣ የኦኖ ሱፐርማርኬት ማለት ይህ ነው። እያንዳንዱ ፋብሪካ ለብቻው የስድስት ወር ዕቃ ሲያከማች የሚታሰረው ገንዘብና ቦታ ይቀንሳል፤ ቀይ ባሕር ሲናወጥ ደግሞ የሁሉም መጠባበቂያ አለ። ከሕጉ ይልቅ አስቸጋሪው መተማመኑ ይመስለኛል። ጎረቤት ፋብሪካዎች የሚገዙትን ዕቃ ዓይነትና መጠን እርስ በርስ መነጋገር ገና አልለመዱም።

ስለ ዘላቂነት የሚነገረው ብዙውን ጊዜ እንደ ተጨማሪ ሸክም ነው፤ «አሁንስ ደግሞ አረንጓዴ ግዥ ጨመሩብን» ይላል የግዥ ሰው። እኔ ያየሁት ግን የሚያበላሸንና የሚያዘገየን አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነገር መሆኑን ነው። ሰኔን እንውሰድ። የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ይዘጋልና በግንቦት መጨረሻ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ግዥ ክፍል ሰኔና ሰኞ የገጠመበት ይመስላል። ዓመቱን ሙሉ ያልተገዛው በአንድ ወር ይገዛል። አቅራቢው ጥድፊያውን ያውቃልና ዋጋ ይጨምራል፤ ጥራት የሚያይ ጊዜ የለም፤ በሞዴል 19 ገቢ የሆነው ዕቃ በሞዴል 22 ሳይወጣ ዓመት ይከርማል። ጊዜው ያለፈበት የላቦራቶሪ ኬሚካል ከዚያ በኋላ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ አደገኛ ቆሻሻ ይሆናል፤ ለማስወገድ ሌላ ጨረታ ይወጣል። ቶዮታዎች ሥራን በእኩል መጠን በየወሩ መዘርጋት የሚሉት እዚህ ላይ ቀላል ትርጉም አለው፤ የዓመቱን የግዥ ዕቅድ በሐምሌ አዘጋጅቶ ማዕቀፍ ስምምነት መፈረምና በየወሩ በሚያስፈልገው ልክ መጥራት። ማዕቀፍ ግዥ በሕጋችን ውስጥ ያለ ነው። ሥራ ላይ ሲውል አንዱን ጨረታ አሥር ጊዜ ከማውጣት ያድናል።

በግል ፋብሪካውም ተመሳሳይ ነው። መጠየቂያ 19 ቀን ሲተኛ መጨረሻው አስቸኳይ ግዥ ነው። በመርከብና በባቡር መምጣት የነበረበት ዕቃ በአውሮፕላን ይመጣል። የአየር ጭነት በቶን ሲሰላ ከባሕር ጭነት በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ጭስ ያወጣል፤ ዋጋውም አብሮ ይሰቀላል። ባቡራችን የሚሄደው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪካችን ደግሞ በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ ነው። በጊዜ የተጠየቀ ዕቃ በንጹሕ መንገድ ለመምጣት ዕድል አለው፤ የዘገየ ግን የለውም። የፋብሪካውን የካርቦን ሒሳብ ከቦይለሩ በፊት ከመጠየቂያ ወረቀቱ መጀመር ይቻላል ብል ማጋነን አይደለም።

ሌላው «ዝቅተኛ ዋጋ» የሚለው ነው። የግዥ ኮሚቴ ዝቅተኛውን ሲመርጥ ራሱን ከጥርጣሬ ያድናል። ርካሹ ሞተር ግን በሁለት ዓመት ተቃጥሎ ሌላ ሞተር ይገዛል፣ እስኪቃጠልም ብዙ መብራት ይበላል። የሙሉ ዕድሜ ወጪውን፣ ማለትም መግዣውን፣ መብራቱን፣ ጥገናውንና ማስወገጃውን በአንድ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ማወዳደር በሕግ የሚከለከል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይኤስኦ 20400 የተሰኘው የዘላቂ ግዥ መመሪያ ከሚላቸው አንዱ ይኸው ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ ሲወስን ነገሩ ወደ ሥራ ወርዷል። አሁን የኤሌክትሪክ መኪና የሚገዛ መሥሪያ ቤት የመግዣ ዋጋውን ብቻ ሳይሆን የባትሪውን ዕድሜና ጥገናውን የሚያውቅ ሰው መኖሩን መጠየቅ ይኖርበታል፣ በተለይ እንደ ድሬዳዋ ባለ ሙቀት።

ድሬዳዋ ደግሞ ከመግዛት በፊት መጠገንን ታውቅ የነበረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡሩ ሲደርስ ከተማዋን የወለዳት ሐዲዱ ብቻ አልነበረም፤ ዎርክሾፑም ነው። ሸመንደፈር የሚባለው የባቡር ድርጅት ጅቡቲ ላይ መርከብ እስኪመጣ አይጠብቅም ነበር፤ የላቱ፣ የማቅለጫው፣ የአንጥረኛው ቤት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበርና የተሰበረውን ያስተካክላል፣ የጠፋውን ይሠራል። ከዚያ የወጡ ባለሙያዎች ዛሬም ከተማው ውስጥ ትንንሽ የብረታ ብረት ቤቶች አሏቸው። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ፋብሪካዎች ከእነሱ ጋር ያላቸው ግንኙነት ግን በጣም ቀጭን ነው። ከውጭ በሦስት ወር የሚመጣ ቡሽ ወይም ዘንግ ከተማ ውስጥ በሦስት ቀን ሊሠራ ይችላል፤ ጥራቱን የሚፈትሽ መለኪያና የሚፈርም ሰው ካለ። እንዲህ ያለ ግዥ ኮንቴይነር አይፈልግም፣ ዶላርም አይፈልግም፣ የድሬ ልጅ ሥራ ያገኛል።

ግን ትንሹ አቅራቢ ዘጠና ቀን ክፍያ መጠበቅ አይችልም። ስለ ፍጥነት ስንናገር ዕቃ የሚገባበትን ብቻ ቆጥረን ገንዘብ የሚወጣበትን እንተወዋለን። አንድ የብረታ ብረት ባለሙያ ሠርቶ አስረክቦ ሦስት ወር ለክፍያ ሲመላለስ፣ ለሚቀጥለው ሥራ ብረት የሚገዛበት የለውም። ቀጣዩን ጨረታ ይተወዋል፤ ተወዳዳሪ ይቀንሳል፤ ዋጋ ይጨምራል። ትልቁ ነጋዴ ብቻ ይቀራል፣ እሱ መጠበቅ ይችላላ! ዘላቂ ግዥን የምንለካበት አንድ ቁጥር ብቻ ምረጥ ብባል ከርክክብ እስከ ክፍያ ያለውን ቀን እመርጣለሁ።

የመጨረሻው፣ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ሌብነት ነው። ፊርማ ሲቀነስ በር አይከፈትም ወይ? የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ከመመሪያ ውጭ የተፈጸመ ግዥ ያልተነሳበት ጊዜ ትዝ አይለኝም፤ ፍርሃቱ መሠረት አለው። ነገር ግን ያ ሁሉ የሆነው ፊርማው እያለ ነው። ዘጠኝ ሰው ሲፈርም እያንዳንዱ «ሌላው አይቶታል» ብሎ ይፈርማል፤ ጉዳዩን በእርግጥ ያየው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ሁለት ሰው ሲፈርም ግን ስሙ የማን እንደሆነ ይታወቃል። ለትንሽ ዋጋ ላለው ዕቃ ቁጥጥሩን ከፊት ለፊት ከመደርደር በኋላ በናሙና ማየት፣ ለትልቁ ደግሞ ያለውን ጥንቃቄ ሁሉ መተው ሳይሆን ማጥበቅ ያዋጣል። ኩሽኔታና ጄነሬተር በአንድ መንገድ መሄዳቸው ነው ስህተቱ። ይህን ለማስተካከል ከግዥ ሠራተኛው በላይ ያለ ሰው ኃላፊነት መውሰድ አለበት፤ የገንዘብ ጣሪያ የሚወስነው እሱ ነውና።

ያ ፋብሪካ ከዚያች ኩሽኔታ በኋላ ያደረገው ነገር ትንሽ ነበር። መጠየቂያ ቅጹ ላይ ከእያንዳንዱ ፊርማ ጎን ሁለት ጠባብ ዓምዶች ተጨመሩ፤ «የገባበት» እና «የወጣበት»። ኃላፊው መጀመሪያ ቅር አለው፣ ከዚያ ፈቀደ። በመጀመሪያው ሳምንት ሰው ቀኑን መጻፍ ይረሳ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት የፋይናንስ ሠራተኛዋ ወረቀት ስትቀበል ሰዓቷን አይታ፣ ጽፋ፣ ከምሳ በፊት ስትመልስ አየኋት። ማንም አላዘዛትም። የጥገና ባለሙያው በሚቀጥለው ጊዜ ቺንጊያ ሲጠይቅ ቅጹን ይዞ ወደ እኔ መጣና በጣቱ ዓምዱን አሳየኝ። «ይኸው አቦ፣ ሰኞ ገብቶ ሰኞ ወጥቷል።»